ግሩፑን እንደ አዲስ ከመክፈት በፊት

አድሚኑ ሥራ ለቀቀ። ወይም ስልኩ ተሰርቆ በሌላ ቁጥር ተመለሰ። ወይም ከኃላፊው ጋር ተጣልቶ ግማሹን ሰው ከግሩፑ አስወጥቶ ሄደ። ሳምንት ሳይሞላ ከሠራተኞቹ አንዱ ተነሥቶ «አዲስ ግሩፕ ከፍቻለሁ፣ ግቡ» ይላል። ሠላሳው ይገባል፣ አሥራ አምስቱ ሳያየው ያልፋል፣ ሥራ አስኪያጁ በአሮጌው ላይ መጻፋቸውን ይቀጥላሉ። በወሩ መጨረሻ አንድ ዓይነት ስምና አንድ ዓይነት ሎጎ ያላቸው ሁለት ግሩፖች ይኖራሉ፤ የስብሰባው ሰዓት በአንደኛው፣ የሰዓቱ ለውጥ በሌላኛው ይነገራል።

አገራችን ውስጥ ብዙ መሥሪያ ቤት፣ ከግል ክሊኒክ እስከ ትምህርት ቤት፣ ከአስመጪ ቢሮ እስከ ኮንስትራክሽን ሳይት፣ የዕለት ሥራውን የሚያንቀሳቅሰው በቴሌግራም ግሩፕ ነው። የተረኞች ዝርዝር፣ የዕቃ ርክክብ ፎቶ፣ የፈቃድ ጥያቄ፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣ ደብዳቤ፣ ሁሉም እዚያ ነው። ይህን ያህል ሥራ የተሸከመ ነገር በአንድ ሠራተኛ የግል ስልክ ቁጥር ላይ ተንጠልጥሎ ይኖራል። የችግሩ ሥር ይኸው ነው። አዲሱም ግሩፕ በአንድ ግለሰብ ቁጥር ከተከፈተ፣ ያ ሰው በለቀቀ ማግስት ያው ጣጣ ይመለሳል።

ስለዚህ «አዲስ ክፈቱ» ከማለት በፊት አሮጌውን ማትረፍ ይቻል እንደሆነ ይጣራ። በቴሌግራም አንድ ግሩፕ አንድ ባለቤት ብቻ አለው። ሌሎቹ አድሚኖች ባለቤቱ ቆርሶ በሰጣቸው ሥልጣን ልክ ነው የሚሠሩት፤ አንዱ መልእክት ያጠፋል፣ ሌላው ሰው ያስገባል፣ ሌላ አድሚን መሾም ግን ካልተፈቀደላቸው አይችሉም። ባለቤቱ ግሩፑን ማስረከብ ሲፈልግ ከራሱ ስልክ የግሩፑን ሴቲንግ ከፍቶ ከአድሚኖቹ መካከል ተተኪውን ይመርጣል፣ ሥልጣኖቹን በሙሉ ያበራለታል፤ ያኔ ከታች ባለቤትነት የሚያስተላልፈው ቁልፍ ይመጣል። ብዙዎችን የሚያደናቅፈው ቀጥሎ ያለው ነው፦ ባለቤቱ ባለ ሁለት ደረጃ የይለፍ ቃል ካበራ ቢያንስ 7 ቀን፣ በያዘው ስልክ ወደ አካውንቱ ከገባ ደግሞ ቢያንስ 24 ሰዓት ሊሞላው ይገባል። የመጨረሻ ቀኑ ዓርብ የሆነን ሠራተኛ ዓርብ ጠዋት «ግሩፑን አስረክብ» ቢሉት፣ የይለፍ ቃሉን ቀድሞ ካላበራ፣ ምንም ማድረግ አይችልም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በፈቃዱ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ይጠይቃል። የመልቀቂያው ደብዳቤ በገባ ቀን ግሩፑም ከላፕቶፑና ከመሳቢያ ቁልፉ ጋር በርክክብ ቅጹ ላይ ይጻፍ። ሰባቱ ቀን በሠላሳው ውስጥ በምቾት ያልፋል።

በቅያሜ የሄደ ሰውስ? ከኃላፊው ይልቅ ከእሱ ጋር ቡና የሚጠጣ ባልደረባ ቢደውልለት ይሻላል። ለግሩፕ ባለቤትነት ሽማግሌ መላክ ሊያስቅ ይችላል፤ ነገር ግን የብዙ ጊዜ መልእክትና ፋይል ያለበትን ግሩፕ በአንድ ስልክ ጥሪ ማዳን ከተቻለ ምን ይጎዳል? ሰውየው ስልኩን አያነሳም፣ አካውንቱ ተሰርዟል፣ ወይም ግሩፑ የለቀቁ ሠራተኞችና የማይታወቁ ቁጥሮች መናኸሪያ ሆኗል ከተባለ፣ ያኔ በእርግጥ አዲስ መክፈት ይገባል።

አዲሱ ከመከፈቱ በፊት የአሮጌው መዝገብ ይቀመጥ። ይህን በስልክ ላይ በሚሠራው ቴሌግራም አይሞክሩት፤ ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው የቴሌግራም ዴስክቶፕ ፕሮግራም ያስፈልጋል። ግሩፑን ከፍተው ከላይ በስተቀኝ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ሲጫኑ «ኤክስፖርት ቻት ሂስትሪ» የሚል ያገኛሉ። ፎቶና ፋይል የሚሉት ላይ ምልክት ያድርጉ፣ የፋይሉን መጠን የሚገድበውን መስመር ወደ ቀኝ ይሳቡ፤ እንዳለ ከተዉት ትልልቆቹ ሰነዶች ሳይወርዱ ይቀራሉ። ሰው እንዲያነበው ከሆነ ኤችቲኤምኤል የሚለውን ይምረጡ፣ በማንኛውም ብራውዘር ይከፈታል። ቴሌግራም ለደኅንነት ሲል ጥያቄውን በሌላ መሣሪያዎ ላይ እንዲያረጋግጡ ወይም 24 ሰዓት እንዲጠብቁ ሊያደርግዎ ስለሚችል ሥራውን ለመጨረሻው ቀን አያሳድሩት።

የወረደውን ፎልደር የት እንደሚያስቀምጡት ያስቡበት። ውስጡ የሰዎች ስም፣ ስልክ፣ የሕመም ፈቃድ ወረቀት ፎቶ፣ አንዳንዴም የባንክ ሒሳብ ቁጥር አለ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ እንዲህ ያለውን መረጃ በግል ፍላሽ ይዞ መዞር ነውር ብቻ ሆኖ አይቀርም። ሰው ኃይል ክፍል ባለው የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ይቀመጥ፣ ማን እንደሚከፍተውም ይታወቅ።

ለሠራተኛውም አንድ ነገር ልበል። የዓመት ፈቃድዎ የተፈቀደው በግሩፑ ላይ «እሺ» በሚል አንድ ቃል ከሆነ፣ እሑድ እንዲገቡ የታዘዙት በግሩፑ ከሆነ፣ ዕቃው ጎድሎ መድረሱን ያሳወቁበት ፎቶ እዚያ ካለ፣ ግሩፑ ከመዘጋቱ በፊት ለራስዎ ያስቀሩት። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አንድ መልእክት በኤሌክትሮኒክ መንገድ ስለተላለፈ ብቻ ሕጋዊ ዋጋ እንዳያጣ ይደነግጋል። ስክሪንሹት ሲያነሱ ቀኑና የላኪው ስም አብሮ ይታይ፤ መልእክቱን ብቻ ቆርጦ ማስቀመጥ ኋላ ክርክር ያመጣል። የሚያስቀሩት ግን የራስዎን ጉዳይ ነው፤ የባልደረባዎን የሕክምና ወረቀት አይደለም።

አሁን ወደ አዲሱ እንምጣ። የሚከፈተው በማን ቁጥር ነው? በመሥሪያ ቤቱ ስም የተመዘገበ ሲም ካርድ ይውጣ። በዚያ ቁጥር የቴሌግራም አካውንት ይከፈት፣ ስሙም የመሥሪያ ቤቱ ይሁን እንጂ የሰው አይሁን። ባለ ሁለት ደረጃው የይለፍ ቃል ወዲያው ይብራ፣ የይለፍ ቃሉ ቢረሳ የሚያስመልሰው ኢሜይልም የመሥሪያ ቤቱ ይሁን። የይለፍ ቃሉን በወረቀት ጽፎ በታሸገ ፖስታ ካዝና ውስጥ ማስቀመጥ የድሮ ሰው ሥራ ይመስላል፤ እስካሁን ከዚህ የተሻለ አላየሁም። ሲሙ መሳቢያ ውስጥ ተረስቶ እንዳይቀር ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለረጅም ጊዜ ካርድ ያልተሞላበትና ያልተደወለበት ቁጥር ተዘግቶ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል፣ ለረጅም ጊዜ ያልተከፈተ የቴሌግራም አካውንትም ራሱን ያጠፋል። አንድ ሰው በየወሩ ይክፈተው፣ ትንሽ ካርድም ይሙላበት።

ከዚህ አካውንት በታች ሁለት ወይም ሦስት አድሚን ይበቃል። ሁሉም የክፍል ኃላፊ አድሚን የሆነበት ግሩፕ ውስጥ መልእክት ሲጠፋ ማን እንዳጠፋው ለማወቅ ሁለት ቀን ብቻ ነው ያለዎት፤ የአድሚኖችን ድርጊት የሚመዘግበው ዝርዝር የሚያሳየው ያለፉትን 48 ሰዓታት ነው።

አባላቱን ከአሮጌው ግሩፕ አይቅዱ። ከሰው ኃይል ክፍል የደመወዝ ዝርዝሩን ይዋሱ፣ እሱን ተከትለው ያስገቡ። አሮጌው ግሩፕ ውስጥ ከሁለት ዓመት በፊት የለቀቀ የሽያጭ ሠራተኛ አሁንም የዋጋ ዝርዝራችሁን እያየ ሊሆን ይችላል፣ ምናልባትም ከተፎካካሪያችሁ ቢሮ ቁጭ ብሎ። ደግሞ በቴሌግራም ስም ሰውን መለየት ከባድ ነው። አንዱ የአበባ ምስል ብቻ ነው፣ ሌላዋ «የእማማ ልጅ» ነች፣ ሦስተኛው በልጁ ስም ይጠቀማል። እያንዳንዱ ሲገባ ሙሉ ስሙንና ክፍሉን አንድ መስመር ይጻፍ። የጥበቃና የጽዳት ሠራተኞችን በተመለከተ ብዙ ቦታ የማየው ልማድ አይዋጥልኝም፤ ቁልፍ ባለው ትንሽ ስልክ ስለሚጠቀሙ «ግሩፕ ላይ ተነግሯል» ተብሎ ይታለፋሉ፣ ኋላ በማያውቁት ነገር ይገሠጻሉ። ግሩፑ ለማይደርሳቸው የሚደውል ሰው በስም ይመደብ።

ማስታወቂያው ራሱ ብልሃት ይፈልጋል። «አዲስ ግሩፕ ተከፍቷል» የሚል መልእክት ለአጭበርባሪ ምቹ በር ነው። የመሥሪያ ቤቱን ስምና ሎጎ ገልብጦ ሊንክ መበተን ቀላል ነው፣ ሊንኩም ስልክ ቁጥርና የመግቢያ ኮድ የሚጠይቅ ገጽ ሊከፍት ይችላል። ኮዱን የሰጠ ሰው አካውንቱን ሰጠ ማለት ነው። በአሮጌው ግሩፕ ላይ የሚለጠፈው መልእክት እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦

«ሰላም ለሁላችሁ። ከሰኞ ኅዳር 8 ጀምሮ የሥራ መልእክት የሚተላለፈው በአዲሱ ግሩፕ ብቻ ነው። የመግቢያ ሊንኩን ሰው ኃይል ክፍል ለየክፍል ኃላፊዎቻችሁ ይሰጣል፤ ከእነሱ ተቀበሉ። እዚህ ላይም ሆነ በግል ሌላ ሰው ሊንክ ቢልክላችሁ አትክፈቱ። ለመግባት የሚጠየቅ ኮድ የለም። ይህ ግሩፕ እስከ ኅዳር 30 ለማንበብ ብቻ ክፍት ይሆናል፤ የሚያስፈልጋችሁን ፋይል እስከዚያ አውርዱ።»

ሊንኩ በመልእክቱ ውስጥ እንደሌለ ልብ ይበሉ፣ ሆን ተብሎ ነው። የሚሰጠው ፊት ለፊት በሚታወቅ ሰው በኩል ነው። ሊንኩን ሲያዘጋጁም አድሚን ሳያጸድቅ ማንም እንዳይገባ የሚያደርገውን ምርጫ ያብሩት፣ የሚያበቃበትንም ቀን ይወስኑለት። ሰውን በቀጥታ ከማስገባት ይልቅ ሊንክ የሚመረጠው ሌላም ምክንያት ስላለው ነው፦ ብዙ ሰው በማያውቀው ሰው ወደ ግሩፕ እንዳይገባ ስልኩን አስተካክሏል፣ እሱን «አድ» ለማድረግ ቢታገሉ አይሆንም።

አዲስ የሚገቡ ሰዎች የቀደመውን መልእክት ይዩ ወይስ አይዩ የሚለውም በሴቲንጉ ውስጥ የሚወሰን ነው። ለሥራ ግሩፕ ይታይ እላለሁ፤ አዲስ ተቀጣሪ ያለፈውን አንብቦ ብዙ ይማራል። ደመወዝና ቅጣት የሚወራበት የኃላፊዎች ግሩፕ ከሆነ ግን ይደበቅ። ፎርዋርድ ማድረግንና ፋይል ማስቀመጥን የሚከለክል ምርጫም አለ፤ የዋጋ ዝርዝር ለሚለጠፍበት ቦታ ይጠቅማል፣ በሌላ ስልክ ካሜራ የሚያነሳን ሰው ግን አይከለክልም።

አሮጌው ግሩፕ በዚያው ቀን አይሰረዝ። ስሙ ላይ «ተዘግቷል» የሚል ይጨመርበት፣ አባላት መልእክት እንዳይልኩ ይከልከል፣ ከላይ ያለው ማስታወቂያ ፒን ይደረግ። ሥልጣን ያለው አድሚን ጠፍቶ ይህን ማድረግ ካልተቻለ፣ ሁሉም ፋይሉን ካወረደ በኋላ በተባለው ቀን ራሱ ይውጣ። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን የኃላፊው ጠባይ ነው። ሥራ አስኪያጁ «አሁን ስለቸኮልኩ» ብለው አንዲት መልእክት በአሮጌው ላይ ከጻፉ፣ ሠራተኛው ሁሉ ወደዚያው ይመለሳል። በአዲሱ ላይ የመጀመሪያውን የሥራ መልእክት እሳቸው ይጻፉ፣ ያም ሠራተኛው የሚጠብቀው ዓይነት ይሁን፤ የተረኞች ዝርዝር ወይም የደመወዝ ቀን።

አሁን ደግሞ ማንም በግልጽ የማያነሳው ጉዳይ። የመሥሪያ ቤት ግሩፕ የሚጨናነቀው በሥራ አይደለም፣ በማኅበራዊ ኑሮ ነው። የአንዲት ባልደረባ አባት ያርፋሉ፤ ማታ 2 ሰዓት ላይ መርዶው ይለጠፋል። እስከ 4 ሰዓት «ነፍስ ይማር»፣ «እግዚአብሔር ያጽናሽ»፣ «አላህ ሶብር ይስጥሽ» ይከታተላል፤ መቼም ማንም ሳይጽፍ መቅረት አይፈልግም። ከመካከሉ የጎተራው ኃላፊ «ነገ መኪናው 12 ሰዓት ስለሚደርስ ሁለት ሰው ቀድሞ ይግባ» ብሎ ጽፏል። ያንን ማን አየው? ጠዋት መኪናው በር ላይ ቆሞ ሾፌሩ ጡሩንባ ይነፋል። ሐዘኑን የሚያስተዛዝኑትን ሰዎች «እዚህ አትጻፉ» ማለት አይቻልም፣ እኔም አልልም። የጎተራውን ኃላፊም መውቀስ አይቻልም። ጥፋቱ ሁለቱን በአንድ ቤት ማኖሩ ነው።

ግሩፑ እንደ አዲስ የሚከፈትበት ጊዜ ይህን ለመለየት ከሁሉ የተመቸ ነው፤ በሌላ ጊዜ ቢሞከር ሰው ይቀየማል። ከሃያ ሰው በላይ ላለው መሥሪያ ቤት ሁለት ግሩፕ ይከፈት፤ አንዱ ለሥራ፣ ሌላው ለለቅሶ፣ ለሠርግ፣ ለመዋጮና ለበዓል። በአንድ ግሩፕ ውስጥ በርእስ የሚከፋፍለው ምርጫ በቴሌግራም አለ፤ ለትንሽ ቢሮ ይበቃል፣ ለብዙ ሰው ግን አልመክረውም፣ ሰው በቸኮለ ጊዜ የተከፈተለት ላይ ይጽፋል። የማኅበራዊው ግሩፕ ባለቤት መሥሪያ ቤቱ መሆን የለበትም፤ የሠራተኛው ዕድር ሰብሳቢ ወይም ሁሉም የሚያከብረው ሰው ይያዘው። ኃላፊዎች ይግቡበት ወይስ አይግቡበት የሚለው በየቤቱ ይለያያል፤ ከገቡ ግን በዚያ ላይ ሥራ አይዘዙ።

መዋጮ የሚሰበሰብበት የባንክ ሒሳብ ወይም የቴሌብር ቁጥር በገንዘብ ያዡ ብቻ ይለጠፍና ፒን ይደረግ። የሌላን ሰው ስምና ፎቶ አድርጎ «ሒሳቡ ተቀይሯል፣ በዚህ አስገቡ» የሚል መልእክት መላክ ለአጭበርባሪ ቀላል ነው። ቁጥር ተቀየረ ከተባለ ገንዘብ ከመላክዎ በፊት ለገንዘብ ያዡ ይደውሉ፣ ድምፁን ይስሙ።

የሥራው ግሩፕ ደንብ ከሦስት መስመር አይብለጥ። ሃያ ቁጥር ያለው መመሪያ ፒን ያደረጉ ቤቶችን አውቃለሁ፣ አንድም ሰው አላነበበውም። ሥራ ያልሆነ ፎርዋርድ አይላክ፤ መልእክቱ ለአንድ ሰው ከሆነ ለእሱ ብቻ ይላክ፤ ከሥራ ሰዓት ውጭ አስቸኳይ የሆነ ነገር በስልክ ይነገር። ሦስተኛው ለኃላፊዎች ይከብዳል። ሕጉ መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ላይ አስቀምጦታል፣ ግሩፑ ግን ሌሊት 6 ሰዓት ላይም ይጮኻል። ሐሳብ ሌሊት ቢመጣ ኃጢአት የለበትም። መልእክቱን ጽፈው የመላኪያውን ቀስት ጫን አድርገው ቢይዙት ለነገ ጠዋት 2 ሰዓት ቀጠሮ ማስያዝ ወይም ያለ ድምፅ መላክ ይቻላል።

ዋትሳፕ የሚጠቀሙ፣ በተለይ ዱባይ ወይም ጅዳ ካለ ባልደረባና ደንበኛ ጋር የሚሠሩ፣ አንድ ልዩነት ይወቁ። እዚያ የእያንዳንዱ አባል ስልክ ቁጥር ለሁሉም ይታያል። ደንበኞችን ጨምሮ የተከፈተ ግሩፕ ውስጥ ሴት ሠራተኞች ሌሊት ከማይታወቅ ሰው ጥሪ የሚደርሳቸው አንዱ መንገድ ይህ ነው። ለእነሱ የሥራ ቁጥር ይሰጥ፣ ካልተቻለም ደንበኛ ያለበት ግሩፕ ውስጥ አይግቡ።

ደግሞም ግሩፑ የሚዘጋው በአድሚን ጥፋት ብቻ አይደለም። በየካቲት 2015 ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በአገሪቱ ተገድበው እስከ ሐምሌ ድረስ ቆይተዋል። ቪፒኤን ያለው ቀጠለ፣ የሌለው ከሥራ መልእክት ተቆረጠ። የስልክ ዝርዝር በወረቀት ታትሞ በየክፍሉ ኃላፊ መሳቢያ ይቀመጥ፣ ማን ለማን እንደሚደውልም አብሮ ይጻፍበት።

በመጨረሻም ከአሮጌው ግሩፕ ወደ አዲሱ የማይመጡት ሰዎች ቀድመው ይነገራቸው። ጡረታ የወጡት ጋሼ፣ የለቀቀችው ፀሐፊ፣ በኮንትራት ሠርቶ የጨረሰው ሾፌር፣ ሳይነገራቸው ቢቀሩ ይቀየማሉ፣ ልክም ናቸው። በማኅበራዊው ግሩፕ ላይ እንዲቀሩ ይጋበዙ።

አዲሱ ከተከፈተ በአምስተኛው ቀን የደመወዝ ዝርዝሩን እንደገና አውጥተው ከገቡት ጋር ያስተያዩ። ላልገቡት በግሩፑ ላይ አይጻፉላቸው፣ እዚያ የሉምና። ይደውሉላቸው። አንዱ ስልኩ ሞልቶ ቴሌግራሙን አጥፍቶት ይሆናል፣ አንዷ በወሊድ ፈቃድ ላይ ትሆናለች፣ ሌላው ደግሞ ሊንኩ ከኃላፊው ኪስ አልወጣለትም።